«ስሟ ያልታወቀ ዘፋኝ»

አብሮ አደጌ፣ እንዴት ከረምክ? እኔስ በንዴት ልፈነዳ ነው! ይህን ከሙዚየም የገዛሁትን ፖስት ካርድ ገልብጠህ እይ፤ ማይክሮፎን የጨበጡት ወጣት እናትህ ናቸው። ሙዚየሙ ይህን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ዘፈናቸውንም ከፍቶ፣ ከሥሩ «ስሟ ያልታወቀ ዘፋኝ» ብሎ ጽፎልሃል። ድምፃቸውን የለየሁት ገና ከበሩ ነው። ለኃላፊው ብነግረው፣ «ሴትዮዋ እኮ ከሞተች ቆየች» አይለኝም!

«ኧረ በሕግ! ባለፈው ሳምንት ምሳ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው!» ብዬ ብጮህ፣ «ማስረጃ አምጣ» ብሎኝ እርፍ። እኛ ሰፈር ከጓዳ ሲያንጎራጉሩ ሕፃን እንኳ ያውቃቸዋል፤ እዚህ በቁማቸው ቀበሯቸው! የሰውዬውን ስልክ ጠርዙ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ራሳቸው ይደውሉና ይዝፈኑለት። ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ፣ የእሳቸውን ደግሞ ጉልበታቸውን።