ከዲስኩ ጋር የተላከ

አሽዶድ፣ ሮቫ ዳሌት
ኅዳር 2001 ዓ.ም. (በዚህ አገር አቆጣጠር ኖቬምበር 2008)

ለወንድሜ ለይርሳው፣
ጎንደር

ናፍቆትህ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዬ ሲዞር ውሎ፣ አሁን ወንበር ስቤ ብቀመጥ እሱም አብሮኝ ተቀመጠ። እንዴት ነህ? ባለቤትህ አበቡስ? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ደኅና ነን። እማዬም ደኅና ናት።

ፖስታውን ስትከፍት ከወረቀቱ ጋር አንድ ዲስክ ታገኛለህ። በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌዋለሁ። እንዳታጥፈው፣ ፀሐይ ላይም እንዳትተወው፤ ልጆቹ መስታወት ነው ብለው እንዳይጫወቱበት አደራ። ምን እንደሚሠራ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን የሆዴን ልናገር፣ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። አነጋገሬ ሻካራ ከሆነብህ ቻለው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ መሳደብ ግን እዚህ ነው የተማርኩት።

በሰፈራችን ከሱቆቹ ጀርባ ሞአዶን የሚሉት የወጣቶች ቤት አለ። ኃላፊዋ ሬቪታል ትባላለች። በሐምሌ ወር አንድ ድርጅት የጣላቸውን አሮጌ ላፕቶፖች በካርቶን ሙሉ አስመጣችና ጠራችኝ።

«አገሬ፣ ሞቴክ፣ አንቺ ኮምፒዩተር ተምረሻል አይደል? እነዚህን ነፍስ ዝሪባቸው። ከስግድ በዓል በኋላ ክፍሉን የምትመሪው አንቺ ነሽ፤ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው።»

ሞቴክ ማለት ጣፋጬ ማለት ነው። ሰው እዚህ ጣፋጬ ሲልህ ኪስህን መዳሰስ አለብህ፤ እኔ አልዳሰስኩም። ኮሌጅ ጨርሻለሁ፤ በውትድርናም የሠራሁት ኮምፒዩተር ላይ ነው። ለሥራ ስደውል በስልክ ዕብራይስጤን ሰምተው «ነገ ነይ» ይሉኛል፤ በማግሥቱ ፊቴን ሲያዩ ቦታው ተይዟል። ስለዚህ በገዛ ሰፈሬ፣ በሙያዬ፣ የሚል ሰው ሲመጣ አመንኩ።

ማሽኖቹን ብታያቸው ያቅለሸልሹሃል። በፊደል ሰሌዳቸው መሃል የሌላ ሰው የምሳ ፍርፋሪ ደርቋል። ማብሪያውን ተጭነህ፣ ሄደህ ዕቃ አጥበህ ስትመለስ ያቺ የአሸዋ ሰዓት አሁንም ስትገለባበጥ ታገኛታለህ። ሬቪታል «አርጅተዋል» ትላለች። ማርጀቱስ አርጅተዋል፤ ግን የገደላቸው እርጅና ሳይሆን ጭነት ነው። የተጫነባቸው ዊንዶውስ ከነግሳንግሱ ገና ሲነቃ፣ ማሽኑ የሚሠራበትን ሚሞሪ ይጨርሰዋል። ለሥራ የሚተርፍ የለም። መፍትሔው የማይጫናቸው፣ ቀለል ያለ ሥርዓት ማግኘት ነው። ሊኑክስ ከሚባለው ዘር እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ፣ በነፃ። አንዱን መምረጥ ነው ጣጣው፣ ምክንያቱም ሁሉም ቀላል ነኝ ይላል።

እኔ ለሁሉም አንድ ፈተና ነበረኝ። ለሬቪታል «ለልጆቹ የቤት ሥራ የሚሆነውን እየፈለግሁ ነው» አልኳት፤ እሱም እውነት ነው። በልቤ ግን ጥያቄው ሌላ ነበር፦ በዚህ ማሽን፣ በዚህ ሥርዓት፣ እማዬ ይርሳውን በትልቁ ልታየው ትችላለች ወይ?

መጀመሪያ ዙቡንቱ የሚባለውን ጫንኩ። መልኩ ያምራል፣ አማርኛም ያውቃል፤ ካሜራ ስከፍትበት ግን ሥዕሉ እየተቆራረጠ ሰው አገጩ ከግንባሩ ቀድሞ ይመጣል። ቀጥሎ ከሁሉም የሚያንሰውን ሞከርኩ፤ ላባ ነው፣ ዓይን ሳትጨፍን ይነሣል። እሱ ደግሞ ካሜራውን ጭራሽ አላወቀውም፤ የኛን ፊደል ስጽፍበትም ባዶ ሣጥን ብቻ ይደረድርልኛል። ስምህን የምትጽፍበትን ፊደል የማያውቅ ነገር ቀለለ ብለህ ምን ታደርገዋለህ? አወጣሁት። በመጨረሻ ፓፒ የሚባለውን አገኘሁ። እሱ ሙሉ በሙሉ ሚሞሪው ውስጥ ገብቶ ስለሚሠራ ማሽኑ ውስጥ ያለውን አሮጌ ዲስክ እየቆፈረ አይንገታገትም። የግዕዝ ፊደሉን ጨመርኩበት፤ ሰው እየተያየ የሚነጋገርበትን ስካይፕንም ጨመርኩ። የማያስፈልገውን ሁሉ፣ ጌጡን፣ ሰዓቱን፣ ከበስተጀርባ ያለውን ሥዕል ሁሉ፣ አራገፍኩ። ያተረፍኩትን አቅም በሙሉ ለካሜራው ሰጠሁት። ሠራ!

ለእማዬ ስነግራት «ስሙ ማነው?» አለችኝ።

«ፓፒ። ቡችላ ማለት ነው።»

«የማን ያለህ! ልጄን በውሻ በኩል ላየው ነው?»

«አንበሳ የሚባል ብፈልግ አጣሁ፣ እማዬ።»

«እሺ፣ ከመጣልኝ በውሻም ይምጣ» አለች።

ወሩን ሙሉ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አጸዳሁ፤ ሥርዓቱን በሁሉም ላይ ጫንኩ። ሬቪታል በበሩ ብቅ እያለች «ኮል ሃካቮድ!» ትለኛለች፤ ክብር ሁሉ ላንቺ ማለት ነው። ክብሩ የት እንደሚሄድ ቆይቼ አየሁ።

የኛ የቤተ እስራኤል በዓል፣ የስግድ ሰሞን ደረሰ። በዚህ ሰሞን ሁሉም ድንገት ያስታውሰናል፤ ሙዚቃችንን ያጫውቱልናል፣ ድፎ ዳቧችንን ፎቶ ያነሣሉ። ሞአዶኑም ላፕቶፖቹን «ለቤተሰቦች» የሚያድልበት ዝግጅት አለው ተባለና፣ እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አብራኝ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ መድረክ፣ ባንዲራ፣ ማይክሮፎን፣ ክራባት ያሰሩ ለጋሾች። ሬቪታል ወጣችና የኮምፒዩተር ክፍሉን አዲስ ኃላፊ አስተዋወቀች። ዮታም ይባላል፤ የእህቷ ልጅ ነው። «እነዚህን ማሽኖች ከሞት ያስነሣልን» አለች። ልጁ እጁን አወዛወዘ። እኔ ከነዚያ ማሽኖች የአንዱንም ጀርባ ሲፈታ አይቼው አላውቅም። ከዚያ የተረጂዎች ስም ተጠራ፤ መጀመሪያ የተጠራችው እናታችን ናት፦ ሐረጓ። ያደስኩትን ማሽን ለእናቴ በምጽዋት ሊሰጧት ነው።

እኔ ገና ደሜ ወደ ራሴ ሲወጣ እማዬ ተነሥታ ሄደች። የመድረኩን ደረጃ በእግሯ እየዳበሰች ወጣች። ሬቪታል ላፕቶፑን ስትዘረጋላት እማዬ አልተቀበለችውም። ተደፋችና የሬቪታልን ጉልበት ያዘች።

ባላገር ሹም ጉልበት ላይ የሚወድቀው መቼ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ለምስጋና አይደለም፣ አቤት የሚለው ሲኖረው ነው። እማዬ ከፍ ያለ ቦታ፣ ባንዲራና ጸጥ ያለ ሕዝብ አየች፤ ለእሷ ይህ ችሎት ነው።

«እመቤቴ፣ ጉልበትዎን ይዤያለሁ። ልጄ ጎንደር ቀርቶብኛል። ዓይኔ እያለ ልየው። በልጆችዎ፣ ያምጡልኝ» አለች።

«ምን ትላለች?» አለች ሬቪታል፣ ወደ ረኡቬን ዞራ።

ረኡቬን የሞአዶኑ አስተርጓሚ ነው። የኛው ሰው፤ በዚህ አገር አቆጣጠር በዘጠና አንድ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሽበት ያለው ሰው። የሰማውን ሰምቷል። ግን በዕብራይስጥ «ታመሰግናለች። ስለ ኮምፒዩተሩ ከልቧ ታመሰግናለች» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከለጋሾቹ አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ፎቶ አንሺው «እንዲሁ ቆዪ! እንዲሁ!» እያለ በጉልበቱ ተንበርክኮ ያነሣል። እናቴ ልጇን እየለመነች፣ እነሱ እያጨበጨቡ። 

ወጥቼ ማይክሮፎኑን ቀማሁ። «እናቴ አላመሰገነችም» አልኩ። «እዚህ ያለውን ማሽን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም የምናመሰግንበት ምክንያት የለም። የምትለምናችሁ ልጇን ነው።» ከዚያ በላይ አላስኬዱኝም፤ ድምፁ ተቋረጠ።

ረኡቬን ክንዴን ይዞ በአማርኛ «አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት አታዋርጂን!» አለኝ።

«ያዋረዱንስ አንቱ ነዎት፣ ጋሽ ረኡቬን» አልኩት። እናቴ አጠገቤ ስለነበረች አንቱታውን አልነፈግሁትም። እሷ ባትኖር ኖሮ ግን እሱንም እነፍገው ነበር።

እማዬን ደግፌ ስንወጣ «ሹሟ ምን መለሰችልኝ?» አለችኝ።

«ሹም አይደለችም፣ እማዬ። ማንንም ማምጣት አትችልም።»

ትንሽ ሄደችና ቆመች። «ታዲያ ለምን እዚያ ላይ ወጥታ ቆመች?» አለች። አንተ መልሱን ካገኘህ ጻፍልኝ።

ላፕቶፑን ለካ ጎረቤታችን ዘሃቫ ይዛልን መጥታለች። ቤት ገብቼ ስከፍተው ምን አገኘሁ? ዮታም የኔን ሥራ ሁሉ አጥፍቶ ያንኑ ዊንዶውስ መልሶበታል፤ በላዩ ላይ የለጋሾቹን ዓርማ ለጥፎ። እንግዶቹ የሚያውቁትን ገጽ ማየት አለባቸው ተብሎ ነው። ያቺ የአሸዋ ሰዓት እንደገና ትገለባበጣለች። አንሥቼ በመስኮት ወደ ቆሻሻው ገንዳ ልወረውረው ስል እማዬ በሌላው ጫፍ ያዘችው።

«ይርሳው የሚታየው በዚህ ነው ያልሽኝ አይደል?»

«በዚህ ነው።»

«እንግዲያው አስቀምጪው። ንዴትሽን ሌላ ነገር ላይ ጣዪው።»

አስቀመጥኩት። ዓርማቸውን ጠርጌ ቡችላውን መለስኩበት። ከዚያ ዘሃቫ የራሷን ይዛ መጣች፣ ከታች ፎቅ ያሉትም መጡ። አሁን ከነዚያ ማሽኖች የሚበዙት ተራ በተራ በእኛ ሳሎን አልፈዋል፤ እኔም የዮታምን ሥራ አንድ በአንድ እያጠፋሁ ነው። እንዲህ የሚያስደስት ሥራ አግኝቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ረኡቬን ቤታችን ድረስ መጣ። የሞአዶኑን አዲስ መጽሔት ይዟል፤ ሽፋኑ ላይ እማዬ ተደፍታ፣ ከሥሯ «ምስጋና ከልብ» የሚል ጽሑፍ። ይቅርታ ከጠየቅሁ ሬቪታል የዮታም ረዳት ልታደርገኝ ፈቃደኛ ናት አለኝ። የማን ረዳት! በሩን ከፍቼ ያዝኩለት። ሰውዬው ግን አልሄደም፤ ቆቡን በእጁ እያሸ «አገሬ፣ እኔም እዚያ ደመወዝተኛ ነኝ፤ እህቴ ገና ጎንደር ናት» አለኝ። አዘንኩለት ብዬ አልዋሽህም፤ አስጠላኝ። ይበልጥ ያስጠላኝ፣ ያችን እህቱን እያሰበ ያንን መተርጎሙ ነው። እማዬ ግን ሻይ አፈላችለት፣ አንተ የምታውቃት ያችው እናትህ።

ከሄደ በኋላ መጽሔቱን አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ዘንበል አደረገችው፣ በጣቷም ዳሰሰችው። «የትኛዋ ናት እኔ?» አለችኝ። ሽፋኑ ላይ እሷና የሬቪታል ጉልበት ብቻ ናቸው ያሉት።

ወደ ዲስኩ ልመለስ። የአብዮት ኢንተርኔት ቤት ካሜራ እንዳለው ጽፈህልኝ ነበር፤ ማሽኑ ግን በቫይረስ ታሞ አይንቀሳቀስም ብለሃል። አብዮትን ለምነው። ዲስኩ ከማሽኑ ውስጥ ምንም አይነካም፣ ምንም አያጠፋም፤ በራሱ ተነሥቶ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል። ማሽኑን አጥፋው፣ ዲስኩን ክተት፣ አብራው። አልነሣም ካለ ማሽኑ መጀመሪያ ከዲስክ እንዲጀምር አብዮት ያስተካክለው፤ ያውቀዋል። ቡችላው ሲመጣ የኔን ስም በአማርኛ ጽፌበታለሁ፤ እሱን ተጫን፣ ወደ እኔ ይደውላል።

አሁን የምልህን ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። በቀን ደውል፣ ፀሐይ ሳለ። መስኮቱ ከኋላህ ሳይሆን ከፊትህ ይሁን። ለካሜራው ተጠጋ፤ ፊትህ ብቻ ይታይ፣ ሌላ ነገር አታስገባ። ነጭ ሸሚዝ አትልበስ፣ ግድግዳው ነጭ ከሆነ ይውጥሃል። መጀመሪያ ድምፅህን አሰማት፣ ከዚያ ዝም ብለህ ቆይ፤ እስክትጨርስ ድረስ አትንቀሳቀስባት። ልጆቹን አንድ በአንድ አቅርባቸው፣ ስማቸውን እየጠራህ። «አየሽኝ ወይ?» ብለህ ግን እንዳትጠይቃት።

ደግሞም ቶሎ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ በሳምንቱ አድርገው፣ በሥራም በምንም አታዘግየው። ወደዚህ የምትመጣበት የፈቃድ ወረቀት እስኪወጣ እኔ እዚህ አላርፍም፤ በየቢሮው መስኮት እየቆምኩ ስምህን እጠራለሁ፣ ተንበርክኬ ግን አይደለም።

አምላክ ከደጅህ አይራቅ። የአበቡ ወገብ፣ የልጆቹ እግር ይጽና። ተገናኝተን ይህን ሁሉ የምንስቅበት ቀን ያድርሰን፤ እኔ ግን ያን ዕለትም እንደማልስቅ ዕወቅ።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። እጇ ወረቀቱ ላይ ነው፣ የቀለሙን እርጥበት እየነካች። «ደኅና ናት ብለሽ ጻፍሽለት?» ትለኛለች።

ጽፌልሃለሁ፣ ከላይ።

እህትህ
አገሬ