ለአባትሽ ስልክ የመጣው መልእክት

ልጄ፣ ዓይኔ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ጎረቤታችን ጡረተኛው አናጢ ጣሪያውን ጠገነልን፤ ማፍሰሱን ትቷል። ይህን እየነገርኩት የሚጽፍልኝ ወንድምሽ ነው። ትምህርቱን አላቋረጠም፤ ምግብ ግን ይነካካል እንጂ አይበላም።

ባለፈው ማክሰኞ የአባትሽ ስልክ ጮኸ። አባትሽን ከቀበርን ወዲህም ወንድምሽ ስልኩን ቻርጅ ያደርገዋል፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። የጮኸው አንቺ የጫንሽለት የሬዲዮ ጣቢያችሁ መተግበሪያ ነው። "አባባ፣ ጠፋህብን እኮ! ያለ አንተ ቤቱ አይሞቅም" ይላል። ወንድምሽ ሲነካው ደግሞ "እሰይ፣ እንኳን ተመለስክ!" አለ። ልጁ ስልኩን አልጋው ላይ ጥሎ ወጣ።

ኋላ ተመልሶ "እማዬ፣ ማሽን ነው የሚልከው፤ እሷ አታውቅም" አለኝ። ቃሉ ግን ያንቺ ነው፤ አላጣሁትም። መስማት ለተዉ አድማጮች የሚላከውን የምጽፈው እኔ ነኝ ብለሽን የለ?

አልተቀየምኩሽም። ግን ለማታውቂው አድማጭ እንዲህ የሚጣፍጥ ቃል ካለሽ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለእኔ "ደህና ነኝ" ብቻ የምትልኪው ምነው? እንድትጽፊልኝ እኔም መጥፋት አለብኝ እንዴ? ወንድምሽ "ይህንንስ አልጽፍም" ብሎኝ ነበር፤ ጻፍ አልኩት።

የአባትሽን ስም ከአድማጮቹ ዝርዝር አታውጪው፤ ይቆይ። አንቺ ግን ደውዪልኝ። ማልቀሱን ፈርተሽ ከሆነ፣ እኔም ብቻዬን ማልቀስ ሰልችቶኛል። እድሜሽን ያርዝመው፣ ልጄ፤ ድምፅሽን አሰሚኝ።