አግዛለሁ ያለው ግንበኛ

ለምወድሽ አበልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ይህን የፎል ሪቨር ብርድ እንዴት ቻለው? ባልሽ ዴዎዳቶ ከወንበሩ ተነስቶ እስከ መስኮቱ ለብቻው መሄድ ጀመረ? የክርስትና ልጄስ ከካሊፎርኒያ ትደውላለች? እኛ ደህና ነን። ያ ባሌ ሄርሚኒዮ ያጨሳል፣ ያስላል፣ ከዚያ ሐኪሙን ይሰድባል።

ሁለት መንገድ ተሻግሬ መምጣት ስችል ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምሽ አይቀርም። “ምነው፣ እግሯ ተቆረጠ እንዴ?” ትያለሽ። አልተቆረጠም። ፊትሽን እያየሁ ልነግርሽ የማልችለው ነገር ስለሆነ ነው።

ነገሩ ዴዎዳቶ ስለወደቀበት ስለ ትምህርት ቤቱ ግንባታ ነው። ደንቡን መቼም ሰምተሻል። መንግሥት በሚያሠራው ሕንፃ ላይ ሰው የሚከፈለው አሠሪው ደስ እንዳለው ሳይሆን በሙያው ነው። ለግንበኛ ይህን ያህል፣ ለቀን ሠራተኛ ይህን ያህል ተብሎ በሩ ላይ ይለጠፋል። በየሳምንቱ ደግሞ ማን ምን እንደሠራ የሚናገር ቅጽ ይላካል፤ ግርጌው ላይ “እውነት ነው” ብሎ የሚምል ፊርማ አለበት። ያንን ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ከዴዎዳቶ ስም ትይዩ “የቀን ሠራተኛ” ብዬ በየሳምንቱ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀና ስል ደግሞ በቢሮው መስኮት እሱን አየዋለሁ፤ የግንበኛ ማንኪያውን፣ ካዞላውን ይዞ፣ ቱንቢውን ጥሎ፣ አንዱን ጡብ ባንዱ ላይ ሲያሳርፍ።

አንድ ጊዜ ለአለቃዬ ለሚስተር ፕራት ነግሬዋለሁ። “ይሄ ሰውዬ እኮ ግንበኛ ነው” አልኩት። ሳቀና፣ “እሱ ራሱ ግንበኛ ነኝ ካለሽ ቀይሪው” አለኝ። ከእኛ ሰዎች ጋር ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ ያውቀናል። አባትሽ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ገንብተው፣ እስኪሞቱ ድረስ “ድንጋይ አቀብላለሁ” ነበር የሚሉት። በተወለድንበት ደሴት “ሜስትሬ”፣ የሙያው ጌታ፣ ብሎ የሚጠራህ ሌላው ሰው ነው፤ በራሱ አፍ ነኝ ያለ የመንደር መሳቂያ ይሆናል።

ከዚያ አንዱ ደውሎ ኖሮ ከመንግሥት ተቆጣጣሪ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ደስ ትላለች። ቋንቋችንን ስለማታውቅ አስተርጓሚ ሆኜ ተጠራሁ። ሚስተር ፕራት በሩ ላይ አቆመኝና፣ “እንድትዋሺ አልፈልግም። የሚሉትን ቃል በቃል ተርጉሚ፣ ከራስሽ ምንም አትጨምሪ” አለኝ። ሄርሚኒዮ ከስፌት ፋብሪካው ከተባረረ አምስተኛ ወሩ ነበር።

ዴዎዳቶን ሥራህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ቆቡን አወለቀ፣ እንደ ልማዱ ጆሮው ቀላ። “ምን ልበላት? አግዛለሁ በያት። በሚያስፈልገው ሁሉ አግዛለሁ” አለ። ይሄኔ ሲሚንቶ የሚያቦካለት ቪርጂኒዮ ከኋላ ሆኖ፣ “ኧረ ተው! አንተ አጋዥ ከሆንክ እኔ ምን ልባል ነው፣ አህያ?” ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ተቆጣጣሪዋም ፈገግ ብላ ምን እያሉ ነው አለችኝ።

“እርስ በርሳቸው እየቀለዱ ነው” አልኳት። “እሱ ረዳት ነኝ ይላል።” ጻፈችው።

ቃል በቃል ነው፣ አበልጄ። አንድም ነገር አልጨመርኩም። የቪርጂኒዮን ቀልድ ብተረጉምላት ኖሮ ግን ያቺ ልጅ ካዞላው የማን ነው ብላ ትጠይቅ ነበር። ዓይኗ ላይ አይቼዋለሁ።

ከዚያ በሦስተኛው ወር ዴዎዳቶ ከመወጣጫው ወደቀ። ጀርባው ተሰብሮ የሚከፈለው ካሳ እንኳ በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ሆነ። አቤት ብላችሁ የመጣውን መልስ እንዳነብልሽ ይዘሽ የመጣሽበትን ቀን ታስታውሺያለሽ? ለመንፈስ ቅዱስ በዓል ዳቦ እያቦካሽ ነበር፣ ሊጡ ከጣትሽ አልለቀቀም። “አይሆንም ብለዋል” አልኩሽ። እውነት ነው፣ ብለዋል፤ ራሱ ረዳት ነኝ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል ብለዋል። ከታች ግን ሌላ ነገር ነበረው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ጡብ ሲያነባብር ያየ አንድ ምስክር ብታቀርቡ ጉዳዩ እንደገና ይታያል ይላል። እሱን አላነበብኩልሽም። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁሽ፣ አንቺም ጉንጬን ስመሽ ሄድሽ። ማታውኑ ከዳቦው ላክሽልን፣ በላነው።

ሠላሳው ቀን ካለፈ ሰባት ወር ሆነው። አሁን ብመሰክርም የሚሰማኝ የለም፤ ጠይቄያለሁ። ሄርሚኒዮ የሚስተር ፕራት መጋዘን ዘበኛ መሆኑን ታውቂያለሽ። መቼ እንደጀመረ ግን አስቢው።

ማሪኝ ብዬ አልጽፍም። ብትምሪኝም ዴዎዳቶ አይነሳም፣ ኪራያችሁም አይቀንስም። እኔም ነገ ጠዋት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ቅጹን እሞላለሁ። አሁን የተጀመረው የእሳት አደጋ ጣቢያ ነው፤ ጡቡን ከሚያነባብሩት ሁለቱ የእኛው ልጆች ናቸው። ምን ብዬ እንደምጽፋቸው አትጠይቂኝ።

ይህን ደብዳቤ ሰኞ ፖስተኛው ያመጣልሻል። ፊደል አለመቁጠርሽን ከዴዎዳቶና ከእኔ በቀር እዚህ ማንም አያውቅም፣ እሱም እንዳንቺው ነው። ለሌላ ሰው ከማስነበብ ሞትን ትመርጫለሽ። ስለዚህ በመጎናጸፊያሽ ሸፍነሽ፣ ሁለቱን መንገድ ተሻግረሽ፣ ወደ እኔው ይዘሽው ትመጪያለሽ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሰላምታውንና ምርቃቱን ብቻ ነው የማነብልሽ። እንግዲያው ምርቃቱን አሳምሬ ልጻፈው።

መንፈስ ቅዱስ ቤትሽን ይሙላው። ለዴዎዳቶ ወገቡን ይጠግንለት፣ እንቅልፍ ይስጠው። የክርስትና ልጄን ለወግ ለማዕረግ አድርሶ ያሳይሽ። ዳቦ የላከው እጅሽ አይጉደል፤ ክፉ ሰው ደጅሽን አይርገጥ።

እስከ ዕለተ ሞቴ የምወድሽ፣
አበልጅሽ