የዘጋነው አሸዋ

መጋቢት 3፣ ረፋድ

ዛሬም በመስመር ሆነን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ዓይናችን አሸዋው ላይ። የወፍ ጎጆ ያገኘ እጁን ያነሣል። ከጎኑ ሸምበቆ እንተክላለን፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ። ከዚያ ወደፊት። ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው። ደብተሬ፣ እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ወገቤን አሞኝ ነው።

ጎጆ ስልሽ ቤት አይምሰልሽ። ትንሽ ጎድጎድ ያለ አሸዋ፣ በቃ። ወፏም ከእፍኝ አትበልጥም። ሰው ሲቀርብ በእግሯ አሸዋ ጫር ጫር ታደርግና እንቁላሏን ታለብሳለች፤ ከዚያ ትሮጣለች። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ሥራ ፈትቼ ቆምኩ።

ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት ስንጠጋ ግን የጎማ ዱካ። የሲኖትራክ። አሸዋ ሊጭን ገብቶ የወጣ። ቀይ ጨርቃችን ዱካው ውስጥ ተጋድሟል። ጎንበስ አልኩ። አስኳል ከአሸዋ ጋር ተለውሷል። ወፏ እዚያው ቆማ ትጭራለች። የተፈጨውን እያለበሰች።

የቡድናችን መሪ ብርሃኑ ፎቶ አነሣ። እኔ ዞር አልኩ። በሆስፒታል ስንት ነገር ያየሁ ነርስ፣ የወፍ እንቁላል ማየት አቃተኝ።

መጋቢት 4፣ ማታ

የዓመት ፈቃዴን በጣና ዳር ላሳልፍ ያልኩት በብርሃኑ ጉትጎታ ነው። አብሮ አደጌ ነው፤ ጎንደር ባዮሎጂ ያስተምራል፤ የበጎ ፈቃደኞቹን ማኅበር ያቋቋመው እሱ። ሌሎቹ ድንኳን ውስጥ፤ እኔ አያ ደሴ ቤት። አያ ደሴ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ወሬ አይወዱም። ልጃቸው ይታይሽ ግን ለሁለቱም ታወራለች። ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ጎመን፣ እሸት ሽምብራ። ሸጋ ቤት ነው።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የይታይሽ ባል ለእራት ደረሰ። ጌጡ ይባላል። ረጅም፣ ሳቂታ። ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲለኝ ከፀጉሩ አሸዋ ረገፈ። እራቱ ላይ። ይታይሽ በነጠላዋ ጠራረገችና ሳቀች። እኔ እጄ ጉርሻ እንደያዘ ቀረ።

አካፋ የሚይዘው እሱ ነው። መኪናውን ከሚጭኑት አንዱ። እኔ ደግሞ የቤቱ እንግዳ፣ ሥራውን ላስቆም የመጣሁ።

እሱም ገባው። አልተቆጣም። ዓሣው እንደ ድሮ እንዳልሆነ፣ የእንቦጭ አረም መረቡን እየያዘበት እንደተቸገረ ነገረኝ። ከዚያ፦

«እኔ ከወፏ ጋር ጠብ የለኝም ሲስተር። የት ልቁም ነው የምለው።»

ሽምብራ ፈለፈልኩ።

መጋቢት 6፣ ከሰዓት በኋላ

ተሳካ! ቀበሌው ፈቀደ። ወደ ሜዳማው አሸዋ የሚያስገባውን መንገድ በድንጋይ ዘጋነው። ጠዋት ሙሉ ድንጋይ ማንከባለል። መዳፌ ተልጧል፤ ብዕር ስይዝ ያቃጥለኛል። ደስ ብሎኛል ግን። ብርሃኑ እየዘፈነ ነበር የሚሠራው።

መኪናው መጣ፣ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ድንጋዩን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ጠብ ይነሣል ብዬ ፈራሁ። አልተነሣም። ጌጡ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ እንግዲህ ወደ ገደሉ እንወጣለን አለኝ። ወንዙ የሸረሸረው ከፍ ያለ ዳርቻ አለ፤ ከሥሩ አሸዋ። መኪናው ወደዚያ ዞረ።

ጎጆ የሌለበት ቦታ ነው። ተገላገልን አልን። አጨበጨብን።

መጋቢት 8፣ ማታ

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ። ጽሑፌ ካልተነበበልሽ ለዚህ ነው።

ረፋድ ላይ ጎጆ እየዞርን ነበር። የሰማነው ድምፅ እንደ ነጎድጓድ አይደለም። እንደ ትንፋሽ። አንድ ትልቅ ነገር እፎይ ያለ ይመስላል። ከዚያ ጩኸት። ከገደሉ በኩል አቧራ ተነሣ።

ሮጥኩ። የሮጥኩት በጎጆዎቹ መሀል ይሁን በዳር አላውቅም።

ከሥር ከሥሩ ሲቆፍሩት ከላይ ያለው ተንዶ ወርዷል። ሁለቱ ጫኞች አመለጡ። ጌጡ የለም። አካፋ መጠቀም ፈራሁ፤ ፊቱን ብመታውስ? በእጅ አልኳቸው፣ በእጅ ብቻ። አያ ደሴ ከሐይቁ እየሮጡ መጡ፤ እግራቸው እርጥብ። እንደ ውሻ ይጭራሉ። ሹፌሩም ወርዶ ይጭራል። መጀመሪያ ያገኘነው ፀጉሩን ነው።

አፉ ሞልቷል። በጣቴ አወጣሁለት። አፍንጫውን ጠረግሁ። አይተነፍስም። ጀርባውን መታሁ፣ እንደገና መታሁ። ሳለ። አሸዋ አስታወከ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ፤ ማን እንደሆንኩ የገባው አይመስለኝም።

ከወገቡ በታች ግን ተጭኖበታል። እሱን ለማውጣት ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ የተረፈው ገደል በላያችን ይረግፋል፤ አንዱ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ሲናድ ሊጮኽልን፣ ገደሉን ይጠብቃል። ግራ እግሩ ሲወጣ፣ እንደማይተርፍለት ገባኝ። ለይታይሽ አልነገርኳትም። ደርሳ ነበር። ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ አሸዋውን ከቅንድቡ ላይ ትለቅማለች፤ አንድ አንድ እያደረገች። አትጮኽም። የማታውቀውን ሰው የምታጥብ ትመስላለች።

ለአምቡላንስ ደወልን፤ ሌላ ቦታ ነው አሉ። ሹፌሩ መኪናውን አዘንብሎ የጭነቱን ግማሽ ደፋው። ግማሹን ተውልኝ አልኩት። ባዶ ብረት ላይ አይተኛም። ጌጡን በዚያ አሸዋ ላይ አስተኛነው። እኔና ይታይሽ ከግራ ከቀኝ። ቆላ ድባ ስንደርስ ከጤና ጣቢያው ግሉኮስ ሰቀልንለት፤ እኔ እስከምሠራበት ጎንደር ሆስፒታል በእጄ ከፍ አድርጌ ይዤው መጣሁ። ብዙ ጊዜ ተጭኖ የቆየ እግር ሲለቀቅ ኩላሊት እንደሚጎዳ አውቃለሁ። እሱን እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ አዘዞ ላይ፣ የፍተሻ ኬላው ሰልፍ ውስጥ ቆመን፣ ሌላው ነገር መጣብኝ። ሜዳማው አሸዋ አይናድም። ለዓመታት እዚያ ሲዝቁ የተጎዳ የለም። ወደ ገደሉ ያወጣናቸው እኛ ነን። እሱም ነግሮኝ ነበር። እኔ አጨበጨብኩ።

መጋቢት 9

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ኩላሊቱ እስካሁን ደኅና ነው። ሽንቱን በየሰዓቱ አያለሁ። ፈቃድ ላይ ነሽ ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ፤ አልሄድም።

መጋቢት 10፣ ከሰዓት በኋላ

ብርሃኑ ደወለ። ጌጡ እንዴት እንዳደረ ጠየቀ፤ ጠየቀ፣ አልዋሽበትም። ከዚያ፣ ያን ዕለት እሱ እዚያ ስላልነበረ፣ የተናደውን ገደል ፎቶ አንስቼ እንደሆነ። ለማኅበሩ ገጽ። አሁን ሰው ይሰማናል አለ። አሸዋ ማውጣት ምን እንደሚያመጣ ሕዝቡ በዓይኑ አየ።

አንደኛ ክፍል አብረን ነው የገባነው። እናቴ ስትሞት ለቅሶ ቤቱን ይዞ የሰነበተው እሱ ነው። በስልኩ ውስጥ ድምፁ የእሱ ነው፤ ቃሉ ግን የማን እንደሆነ አጣሁት።

መንገዱን ባንዘጋ ኖሮ እዚያ አይሄዱም ነበር አልኩት።

«ሂዱ አላልናቸውም፣ ሰናይት።»

እውነት ነው። አላልናቸውም። ስልኩን ዘጋሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ፤ ከጥፍሬ ሥር አሁንም አሸዋ ይወጣል።

መጋቢት 11፣ ማታ

ዛሬ ለይታይሽ ነገርኳት። ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠን። ድንጋዩን ያንከባለልኩት እኔም ነኝ፤ ጌጡ ገደል እንደሚወጣ ነግሮኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ አልኳት። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ታውቃለች። መንገዱ የተዘጋ ዕለት ማታ ጌጡ ነግሯታል። አትሂድ ብላዋለች፤ ሄደ።

ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? ወንድሟ ዛሬ ጠዋት የጌጡን አካፋ ይዞ ሄዷል። ወደዚያው ገደል። ከተናደው ጎን። መኪናው ሲመጣ የሚጭን ሰው ጎሎ ነበር።

ሰማሁ፤ ግን ወደ ውስጥ አልገባ አለኝ። ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ፤ ስለ ዝናብ እንደምታወራ፣ ቀስ ብላ። ማዕዱ እንዳይጎድል ነው አለች። ነገ ሚካኤል ነው፣ አይሠሩም። ከነገ ወዲያ ግን ይሠራሉ።

ነገ እወርዳለሁ።

መጋቢት 12፣ ወደ ማታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ

ቅዳሴው ካበቃ በኋላ የመንደሩ ሰዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። አያ ደሴ ይህች ሲስተር የምትለው አላት አሉ። ከመጣሁ ጀምሮ በሰው ፊት ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቆምኩ። ለይታይሽ ያልኩትን ሁሉ አልኩ። ገደሉ እንደገና እንደሚናድ፤ ስንጥቁን ከላይ ሄጄ እንዳየሁት፣ ክንድ እንደሚያስገባ። ወፎቹ ሜዳውን በሙሉ እንዳልያዙት፤ ከወንዙ ማዶ ወደ ሐይቁ የገባው የአሸዋ ምላስ ላይ አንድም ጎጆ እንደሌለ። ይህን ከመጀመሪያውም እናውቅ ነበር። ወደ ምላሱ የሚያሻግረውም ያው መንገድ ነበር፤ ስንዘጋው ግን የዘጋነው ሁሉንም ነው፤ ለመጠበቅ ቀላል ስለሆነ።

አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው፦

«ምነው ልጄ፣ ይኸን መንገዱን ስትዘጉ አልነገርሽን?»

ቁጣ የለበትም። መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው። አላሰብኩትም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ወፍ አስባ ስለ ሰው ሳታስብ፣ አሉ ከጎናቸው የነበሩ እናት፤ ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤታቸው። ይህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

ከዚያ ራሳቸው ተነጋገሩ። ብዙ ተጯጯሁ። በመጨረሻ ገደሉ ሥር ማንም እንዳይገባ ተገዘቱ፤ ቄሱ ባሉበት። ምላሱ ላይ ይዝቃሉ፤ መኪናው በጎጆዎቹ ዳር ሳይሆን በማዶው አዲስ መንገድ ይዞ ይመጣል፣ በውሃው በኩል እየረጠበም ቢሆን። የይታይሽ ወንድም ከኋላ ቆሞ ነበር። ልጅ እግር ነው፤ ሲስቅ እኅቱን ይመስላል። አልሳቀም። እሺ አለ።

መጋቢት 13፣ ጠዋት

ብርሃኑ ሰምቷል። ድንኳኑ በር ላይ ጠበቀኝ። ማኅበሩን አልጠየቅሽም፤ ለአሸዋ ነጋዴ የዘጋነውን በር አንቺ ከፈትሽለት፤ ዛሬ ምላሱ፣ ነገ ሜዳው አለኝ። ትክክል ሊሆን ይችላል። ይህን ነው ያልኩት፣ ትክክል ልትሆን ትችላለህ። ይበልጥ ተናደደ።

ቅዳሜ ከጎንደር ብዙ ልጆች ይዞ ይመጣል። የማዶውንም መንገድ ሊዘጋ። ከእኛ ጋር ካልሆንሽ ሻንጣሽን ያዢ አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም አልተኛም። ላቅፈው ፈለግሁ። እጁን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ጠዋት ከመስመሩ ውጭ ብቻዬን ዞርኩ። አንዱ ጎጆ ተፈልፍሏል። ጫጩቷ ከአሸዋው አትለይም፤ ልረግጣት ነበር። ቆሜ ቀረሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ እንባዬ መጣ፤ በምን እንደሆነ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም።

መጋቢት 14፣ ጎንደር

ጌጡ ዛሬ ተቀመጠ። ትራስ ደግፈንለት። የተቆረጠውን አየው፣ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ወፎቹ እንዴት ናቸው አለኝ። እየቀለደ መሰለኝ። አይደለም። አንዷ ፈልፍላለች አልኩት። የት ላይ? ነገርኩት። ቦታውን ያውቀዋል፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ጭኗል።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ለብርሃኑ ደወልኩ። አነሣ። ቅዳሜ እወርዳለሁ አልኩት። በጎጆዎቹ በኩል መኪና ቢመጣ ከፊቱ እቆማለሁ፣ እንደ በፊቱ። የማዶውን መንገድ ልትዘጉ ብትመጡም ከፊታችሁ እቆማለሁ። ይታይሽም አለች፣ አያ ደሴም።

ትንፋሹ ይሰማኛል። ስልኩን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም። በመጨረሻ ቅዳሜ ከጎንደር የሚነሣውን ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደምይዝ ጠየቀኝ።

ለምን እንደጠየቀ አላውቅም። ነገርኩት። እሄዳለሁ።