የወጥ ቤቱ ሹፌር

ልጄ፣ የኔ አለኝታ፣ እንደምን ከርመሻል? የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ በገባሽበት ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም የሚያኮርፈኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው።

ወሬ ልንገርሽ። አባትሽ ከሹፌርነት ጡረታ ቢወጣም ወጥ ቤቴን ተረክቦ እንደ አውቶቡስ እየነዳው ነው። መጀመሪያ ላይ መጥበሻ ባሳረረ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን ግን ድንችና እንቁላሉን ማታ ቀቅሎ ያሳድርና ጠዋት ሻዩ እስኪፈላ በሽንኩርት ጠብሶ ያቀርባል። እኔም እግሬን ዘርግቼ እበላለሁ፤ ምን አጠፋሁ?

እህትሽ ወደ ሆስፒታል ሥራዋ፣ ልጆቿ ወደ ትምህርት ቤት ሲራወጡ፣ እሱ የድስት ክዳን በማንኪያ እያንኳኳ «ሞላ! ልንወጣ ነው!» ይላል። የዘገየ ሰው ቁርሱን በዳቦ ይዞ እየሮጠ ይበላል፤ ቢለምኑት አይሰማም።

አንቺስ? ቆመሽ ሻይ ጎንጨት አድርገሽ እንደምትሮጪ አውቃለሁ፤ አትዋሺኝ። አባትሽን ያላቃተው እንቁላል አንቺን አያቅትሽም፤ ማታ ቀቅለሽ አሳድሪ።

ክፉ አይንካሽ፣ ጎረቤትሽን ደግ ሰው ያድርግልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ሁልጊዜ የምትደውዪው ማታ ለእኔ ነው። ባለፈው ቁርስ ላይ ትንሹ የእህትሽ ልጅ መስኮቱ ስር ያለው ወንበርሽ ላይ ቢቀመጥ አባትሽ «ሰው አለው» ብሎ አስነሳው። ልጁ ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ማንም የለም። አንድ ቀን እንኳ በቁርስ ሰዓት ደውዪ፤ ስልኩን እዚያ ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን።

እናትሽ