ከቦታው የወጣ ትከሻዬን ለሸለሙት ኃላፊ

ግንቦት 2010 ዓ.ም.
እንጅባራ

ለተከበሩ አቶ ደርበው አድማሴ
የገጠር ገበያ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ጤነኛ መሆኔን ስለ ነገሩኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእንጅባራ ብርድ ወገብዎን ሳይነካ፣ ደረጃውም ጉልበትዎን ሳይፈትን፣ የቤተሰብዎም አጥንት ሁሉ በየቦታው እንዳለ ይህ ደብዳቤ ይደርስዎ ዘንድ ምኞቴ ነው። የእኔን ጤና ለመጠየቅ አይድከሙ፤ ጤናዬን ከእኔ ይልቅ እርስዎ እንደሚያውቁት ባለፈው ሳምንት በማኅተም አስደግፈው አሳውቀውኛል።

ምናልባት ስሜ ቢጠፋብዎ፣ በሚመሩት ጽሕፈት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ ፍቅርአዲስ ባምላክ ነኝ። «ያቺ ቀለም የምትቀባዋ» ብለው ቢያስቡ ወዲያው ትዝ እልዎታለሁ። መገጣጠሚያዎቼ ከተፈጥሮዬ የላሉ ናቸው፤ የሌላው ሰው ጅማት አጥንቱን አጥብቆ ሲይዝ የእኔ ግን እንዳረጀ የካልሲ ላስቲክ ይለቀዋል። ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም ደረጃ እንዳልወጣና ከባድ ነገር እንዳላነሳ ጽፎ ሰጥቶኛል። የዳንግላው ወጌሻ ጋሼ አበረ ደግሞ ሳይጽፉ ነገሩኝ፦ «የአንቺስ አጥንት ቤቱ አይቀመጥም፤ ጎረቤት ሲዞር ነው የሚውል።»

እርስዎን የለመንኩት አንድ ነገር ነበር፦ ጠረጴዛዬ ወደ ምድር ቤት ይውረድልኝ። በምላሹ የደረሰኝ «ሐሰተኛ ሕመም ምክንያት አድርጋ ከሥራ መሸሽ» የሚል የዲሲፕሊን ክስ ነው። ስለ ውለታዎ ሁሉ በተራ በተራ ላመስግንዎ።

1ኛ/ ስለ አውራ ጣቴ። ሕመሜን ላስረዳ ቢሮዎ በገባሁ ጊዜ ሥራዎን አቁመው ስላዳመጡኝ ውለታዎን አልረሳም። «እስቲ አሳዪኝ» ሲሉኝ፣ እኔ ሞኟ፣ አውራ ጣቴን አጥፌ ክንዴ ላይ ሳስተኛው የሚያዝኑልኝ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን «ጉድ እኮ ነው!» ብለው ከጎን ክፍል የሂሳብና የግዥ ባልደረቦችን አስጠሩ፤ ጉዳዩን ሊያስፈጽም ለመጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሳይቀር ደጋግሜ እንዳሳይ ተደረገ፤ ተጨበጨበልኝም። ጉባኤው ሲበተን «ይኼማ ጸጋ ነው እንጂ በሽታ አይደለም» ብለው ወሰኑ። ከዚያ ወጥቼ ቤቴ ስደርስ ጣቴ አብጦ እንጀራ መቁረስ ስላቃተኝ እናቴ እንደ ሕፃን አጎረሰችኝ። ጸጋዬን ለሕዝብ ስላስተዋወቁልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ/ ስለ ፊቴ። ክሱ «ፊቷ ሲታይ የሕመም ምልክት የማይነበብባት፣ ይልቁንም በፌስቡክ ቅባትና ቀለም ስታስተዋውቅ የምትውል» ይለኛል። ስለ ፊቴ የተባለውን እንደ ሙገሳ ተቀብዬዋለሁ፤ ከመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ የደረሰኝ የመጀመሪያው ሙገሳ ነውና። ስለ ማስተዋወቁ ግን በትሕትና ላርምዎ፦ አላስተዋውቅም፣ እተቻለሁ። የገጼ ስም «ክዳኑ ይከፈታል?» ነው። ሌላው ሰው ስለ ቅባት ሲጽፍ ከሽታውና ከልስላሴው ይነሳል፤ እኔ የምነሳው ከክዳኑ ነው፤ በእኔ ቤት የማይከፈት ቅባትና ድንጋይ አንድ ናቸው። ያ በወፍራም ብርጭቆ የሚመጣው የፊት ክሬም ፊትን እንደ ሐር ያለሰልሳል፣ ክዳኑን ለማዞር ግን አንድ የእጅ አንጓ ይገበርለታል። ከላይ ሲጫኑት የሚፈሰው ሎሽን ለክርንም ስለሚታዘዝ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። የከንፈር ቀለም እንጅባራ ላይ እንደ ጠመኔ ይደርቃል፣ ያንኑ ይዘው ጫግኒ ቢወርዱ እንደ ቀጠነ ሽሮ ይፈሳል፤ ስለዚህ የደጋ ሰው ከመቀባቱ በፊት ብብቱ ሥር እንዲያሞቀው መክሬያለሁ። ለጋ ቅቤ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣና ክዳን የሚባል ነገር የማያውቅ በመሆኑ እስካሁን ተወዳዳሪ አላገኘሁለትም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በሥራ ሰዓት ሳይሆን፣ ከሥራ ገብቼ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ከጉልበቴ ሥር ትራስ፣ ትከሻዬ ላይ ሙቅ ውኃ የሞላ ሃይላንድ አድርጌ፣ ያውም ኔትወርክ ሲፈቅድ ነው። የሚያነቡኝም ኮረዶች ብቻ አይደሉም። ቁርጥማት ጣታቸውን የቆለመመባቸው እናቶች በልጆቻቸው ስልክ «ልጄ፣ የትኛው ነው ሳያስለቅስ የሚከፈት?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ታማሚ ሰው ለምን ይኳላል ለሚለው ጥያቄዎ ግን ያለ ቀልድ ልመልስ። ከሰውነቴ ሁሉ ጠዋት ባስቀመጥኩት ቦታ ማታ የማገኘው ፊቴን ብቻ ነው። ትከሻዬን አላምነውም፣ ጉልበቴን አላምነውም፣ ጣቶቼም እንደ ቀኑ ናቸው፤ ፊቴ ግን ታማኝ ነውና ብንከባከበው አይፈረድብኝም። ደግሞም ሲያመኝ መልኬ አመድ ስለሚመስል ያየኝ ሁሉ «ምነው? ምን ሆንሽ?» ይለኛል፤ ለሁሉም ማስረዳት ከሕመሙ የባሰ ያደክማል። ኩሌ ከዚያ ድካም ያሳርፈኛል። ይህ ለመሥሪያ ቤቱ አሠራር እንቅፋት ከሆነ ግን፣ ለወደፊቱ ባመመኝ ቀን ጸጉሬን ነጭቼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

3ኛ/ ስለ ምድር ቤቱ። ባዶ ክፍል የለም ተብያለሁ፤ እውነት ነው፣ ክፍሉ ባዶ አይደለም። ከክልል ለሚመጡ እንግዶች የተገዙ ሶፋዎች ፕላስቲካቸው ሳይገፈፍ ተቀምጠውበታል። እንግዶቹ ሲመጡ በቀጥታ እርስዎ ዘንድ ሦስተኛ ፎቅ ስለሚወጡ እስካሁን ማንም አልተቀመጠባቸውም። ባለፈው ዓመት ጥር፣ በፈረሰኞች በዓል ከፈረስ ወድቀው እግርዎ በጄሶ የታሰረ ጊዜ፣ የእርስዎ ጠረጴዛ በአንድ ቀን ወደዚሁ ክፍል መውረዱን አስታውሳለሁ። እኛም ሠራተኞች ብርቱካናችንን ይዘን ተራ በተራ ጠየቅንዎ፤ ማናችንም ጺምዎን ተላጭተው ባየንዎ ጊዜ «ይኼ ሰውዬ አልታመመም» አላልንም። ለሶፋ ያለዎት ርኅራኄ የሚደነቅ ነው።

4ኛ/ ስለ እስክስታዬ። ሚያዝያ ላይ ልጅዎን ዮርዳኖስን ሲድሩ ዳንግላ ድረስ ስለጠሩኝ፣ ከዘመድ እኩል ስለቆጠሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። በእኛ አገር ሠርግ ላይ ትከሻዋን የማታንቀሳቅስ ሴት ወይ ተቀይማለች ወይ ቀንታለች መባሏ አይቀርምና፣ ለይሉኝታ ያህል መሐል ገብቼ ነቅነቅ አልኩ። ገና ሞቅ ሳይል ቀኝ ትከሻዬ ከቦታው ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም በዓይንዎ አይተዋል። ክንዴን ወደ ቦታው ልመልስ ስንዘፈዘፍ ከበሮ መቺው ወኔ የገባኝ መስሎት ምቱን አፈጠነው። ሕመሙ አንገቴን ሲጠመዝዘው ሴቶቹ እልል አሉ። ጥርሴን ነክሼ «ውይ! ውይ!» ስል ዘፋኟ ከአፌ ተቀብላ አዝማች አደረገችው፤ ድንኳኑም በአንድ ድምፅ «ውይ! ውይ!» እያለ ያጨበጭብ ጀመር። ጉልበቴ ከድቶኝ ወደ መሬት ዝቅ ስል «ወረደች! ወረደች!» ተብሎ ክብ ተሠራልኝ፤ ከክቡም መሐል እርስዎ ኩታዎን አስተካክለው ወጡና ፊት ለፊቴ ወረዱልኝ፣ በመጨረሻም ብር አውጥተው ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ። እጄ አልነሳ ስላለኝ ብሩ እንደተለጠፈ፣ እያለቀስኩ ወጣሁ። «የደስታ እንባ ነው» ተባለልኝ። ጋሼ አበረ እዚያው ሠርግ ላይ ታድመው ስለነበር፣ ከድንኳኑ ጀርባ፣ የወጥ ድስቶቹ በተደረደሩበት፣ ትከሻዬን ወደ ቤቱ መለሱት። ስጮህ ከውስጥ በእልልታ መለሱልኝ።

ያ እስክስታ በስልክ ተቀርጾ ዛሬ «ጤነኛ ስለመሆኗ የቀረበ ማስረጃ» ሆኖብኛል። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ እስክስታ እኔም በዕድሜዬ አላየሁም። ክሱን የሚያየውን የተከበረውን የዲሲፕሊን ኮሚቴ የምለምነው፣ ከትከሻዬ ትንሽ ከፍ ብሎ ፊቴንም እንዲመለከትልኝ ብቻ ነው። የሕመም ምልክት የማይነበብበት የተባለው ፊት እዚያ አለ፤ ኩሉ ጉንጬ ላይ ፈስሶ፣ ከንፈሬ ተነክሶ፣ የእርስዎ ብር ግንባሬ ላይ።

5ኛ/ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ምስጋና ሲበዛ ሽንገላ ይመስላል። ከሠርጉ በኋላ በትከሻዬ ፋንታ በሁለት እጄ ታቅፌ ፋይል ሳወርድ ጉልበቴ ደረጃው ላይ መውለቁን፣ ጥበቃው ኪዳኑ አዝሎ እንዳወረደኝና ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ እንደምሄድ ያውቃሉ። ሐኪሙም ያንን ደረጃ እንደገና ብወጣ ጉልበቴ ላይመለስ እንደሚችል ነግሮኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳፍር ነው የኖርኩት። ሰው ሳያየኝ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አርፋለሁ፤ ሲያዩኝ ደግሞ ጫማዬን የማስር እመስላለሁ። አሁን ግን አላፍርም። ተናድጃለሁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ሲባል እሰማ ነበር፤ እንጨቱ በማኅተም ተመትቶ ሲመጣ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የኮሚቴው ጥሪ ደርሶኛል፦ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አዳራሽ፤ ካልተገኘሁ በሌለሁበት ስንብት ይወሰንብኛል። እንግዲህ ደረጃ መውጣት እንደማልችል ለማስረዳት ደረጃ መውጣት ይኖርብኛል ማለት ነው። ከወጣሁ ዋሽቻለሁ፤ ካልወጣሁ ቀርቻለሁ። ይህን ያህል የረቀቀ ጥሪ ያዘጋጀውን ሰው አእምሮ ሳላደንቅ አላልፍም። ይህ ሥራ የእኔና የእናቴ መተዳደሪያ ነው፤ ሌላ የለንም። ያም ሆኖ አልወጣም።

ሐሙስ ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ዓይኔን ተኩዬ፣ ከንፈሬን ቀብቼ፣ የሐኪሜን ወረቀት ይዤ ምድር ቤት መግቢያው ላይ ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ለኮሚቴው አባላት እግዚአብሔር ጤነኛ ጉልበት ሰጥቷቸዋልና ወርደው ይጠይቁኝ። አንወርድም ካላችሁም ግድ የለም፤ ለምሳ መውረዳችሁ አይቀርም። ስታልፉ በየስማችሁ እየጠራሁ «ተገኝቻለሁ» እላችኋለሁ፤ በዚያ መግቢያ የሚያልፈው ባለጉዳይም ይሰማል። በሌለችበት ተወሰነ የሚለውን ቃለ ጉባኤ ከዚያ በኋላ የሚፈርም ካለ፣ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

አጥንትዎ እንደጸና፣ ወንበርዎ እንደረጋ፣ ሶፋዎችዎ ፕላስቲካቸው እንዳማረ ይኖሩ ዘንድ ከልብ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ፈቃድ ጤነኛ፣ በእግዚአብሔር ፈቃድ ደግሞ ምርኩዘኛ የሆንኩ፣

ታዛዥዎ
ፍቅርአዲስ ባምላክ
ከመዝገብ ቤት

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
በሕይወት ቢኖር ለሠራተኞች ማኅበር
የሕንፃ ደረጃ ለሚያሠራ ሰው ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጸጉርዎን የሚያጠቁሩበት ቀለም ለሸሚዝዎ ኮሌታ እንደማይራራ ካየሁ ቆይቻለሁ፤ የማይለቅና በሁለት ጣት የሚከፈት የተሻለ ዓይነት በገጼ ላይ ጠቁሜያለሁ፣ ያለ ክፍያ። ነገር ግን ይጠንቀቁ። በመጪው ዓመት ጡረታ ሊወጡ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የተኳለች ሴት አልታመመችም ከተባለ፣ ጸጉሩ የጠቆረ ሰውም አላረጀም ማለት ነውና፣ ኮሚቴው በራስዎ ሕግ ጡረታዎን ቢከለክልዎ እንዳይቀየሙት። ያ ሦስተኛ ፎቅ ገና ብዙ ዓመት ይጠብቅዎታል።