እስስት ያልነበሩት መምህር ቀነዓ ጫምሳ

መምህር ቀነዓ ጫምሳ ከአባታቸው ከአቶ ጫምሳ ዲዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሜቲ ገለታ በ1948 ዓ.ም. በወለንጪቲ አካባቢ ተወለዱ። በ1969 ዓ.ም. በመምህርነት ተመርቀው አዳማ ላይ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት ባዮሎጂ አስተማሩ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጉዲቱ ቶላ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ፣ ጂጂን ወለዱ።

እስከዚህ ያለውን ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል። የቀረውን ግን ሊሰማ የፈለገ ስላልነበረ ዛሬ በግድ ይሰማል።

መምህር ቀነዓ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተራቸውን ይዘው ከከተማው ውጪ ካለው የቀይ አሸዋ ኮረብታ አይጠፉም ነበር። የሚከታተሉት ስንዝር የማትሞላ፣ ጭራዋ እሾሃም የሆነ የበረሃ እንሽላሊት ነው። ፀሐይ ካልሞቃት ከጉድጓዷ አትወጣም። ጉንዳን ትለቅማለች፤ ውኃ ባታገኝም የምትበላው እርጥበት ይበቃታል። ጠላት ሲመጣባት ጉድጓዷ ገብታ በጭራዋ በሩን ትዘጋለች። ሰኔ ላይ ልል አሸዋ ቆፍራ ሰባት ስምንት እንቁላል ትቀብርና ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያሞቃቸው መሬቱ ነው።

ሰፈሩ ታዲያ «እስስቱ» አላቸው። ወይ ጉድ! ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሁሉ እስስትና እንሽላሊት መለየት አቅቶት፣ በእድሩ መዝገብ ሳይቀር «ቀነዓ እስስቱ» ብሎ ጻፋቸው። እሳቸውን ያስከፋቸው ስድቡ አልነበረም፣ ስህተቱ ነው። እስስት ዛፍ ላይ የሚኖር ሌላ ፍጥረት መሆኑን ለእድሩ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ አስረድተዋል። ጸሐፊው ስቆ እንደጻፈው ተወው።

በ2012 ዓ.ም. የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወዬሳና ባልደረቦቻቸው ኮረብታውን እየቆፈሩ ለመንገድና ለግንባታ መሸጥ ጀመሩ። መምህር ቀነዓ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንሽላሊቷ እንቁላሏን የምትቀብርበት፣ የአንድ ቤት ግቢ የማታህል የደቡቡ ጎን እንዳትነካ። አቶ ወዬሳ በእድርተኛው ፊት «አባቴ ይሙት፣ አትነካም!» ብለው ማሉ፤ እድርተኛውም አጨበጨበ። ለጭብጨባማ ማን ብሎን!

በ2016 ዓ.ም. መምህር ቀነዓ ሳንባቸውን ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። የሚጠይቃቸው ሁሉ ስለ ጤናቸው ሲያወራ፣ እሳቸው ስለዚያች ቁራሽ መሬት ይጠይቁ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ሲያርፉ የደቡቡ ጎን እንዳለ ነበር።

በማግስቱ ዘነበ። እድሩም፣ ለክብራቸው ሲባል፣ ለቀስተኛው በጭቃ እንዳይጨማለቅ ከድንኳኑ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሦስት መኪና ቀይ አሸዋ አራገፈ። ለመኪና የቀረበው የደቡቡ ጎን ነበርና ከዚያው ተዛቀ። አይ ክብር! እንኳን ሳያዩ ሄዱ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን እና ይህን የጻፈችውን የእህታቸውን ልጅ ዲንቄን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቃሉን ከማያጥፍ ወገን ጋር ያኑርልን። ለቀስተኛ ሆይ፣ አሁን አስከሬኑን አጅበህ ስትሄድ ቀስ ብለህ ርገጥ፤ ከእግርህ በታች እንቁላል አለ።